በፊት መስመር ማን ይሰለፍ? የላንሃራን ስክረም የጉዳይ ጥናት

ጥር 9 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 17 ቀን 1998፣ በደቡብ ዌልስ የምትገኘው የላንሃራን መንደር ክለብ ሁለተኛ ቡድን ከቶንዱ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ጋር በራግቢ ተጋጠመ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ እኛ ዘንድ ጃንሜዳ ለጥምቀት በሚሰናዳበት ሳምንት መሆኑ ነው። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው በተደረገ ስክረም፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ሰዎች ተያይዘው በሚገፋፉበት ትግል፣ በፊት መስመሩ መካከል የሚቆመው የላንሃራን ተጫዋች (ሁከር) የአንገት አጥንቱ ቦታውን ስቶ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ ጉዳቱም እጅና እግሩን ለዘለቄታው የሚያሰንፍ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1995 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝና የዌልስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለዚህ ጉዳት ተጠያቂው ጨዋታውን የመራው የመሃል ዳኛ ነው የሚለውን የሥር ፍርድ አጸና። ሁለቱን ሰዎች በስማቸው መጥራት ለጉዳዩ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ከዚህ በኋላ በሥራ ድርሻቸው ብቻ ይጠቀሳሉ።

ይህ ጥናት የተዘጋጀው ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመሰብሰቢያ ክፍል ለተደረገ ውይይት ነው። በዚያ የተገኙት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ በእግር ኳስ ዳኝነት የቆዩ ሰዎች፣ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የሕግ ተማሪዎችና ራግቢን ውጭ አገር ተጫውተው የተመለሱ ጥቂት ወጣቶች ሲሆኑ፣ ያገናኛቸውም በጃንሜዳ ራግቢ ለማስተማር የያዙት ሐሳብ ነው። የጨዋታው ሕግ ገና ያልተለመደበት ቦታ ላይ በሩቅ አገር የፍርድ ቤት ክርክር መጀመር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነበር። ምክንያቱ ጀማሪ ቡድን ከሁሉ በፊት የሚቸገረው በፊት መስመር የሠለጠነ ሰው በማጣት ስለሆነ ነው። ሯጭ አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም፤ ኳስ የሚይዝም አይጠፋም፤ ፕሮፕ ሆኖ፣ ማለትም በፊት መስመር ከሁከሩ ግራ ወይም ቀኝ ለመቆም፣ የሠለጠነ ሰው ግን ተፈልጎም ላይገኝ ይችላል። የላንሃራን ጉዳይ ከሥር እስከ ጫፉ የዚሁ እጥረት ታሪክ ነው።

ስክረምና የፊት መስመር

በራግቢ ዩኒየን አንድ ቡድን 15 ተጫዋቾች አሉት። ኳስ በእጅ ወደ ፊት ሲወድቅ ወይም ጨዋታው በሌላ ቀላል ምክንያት ሲቆም ከእያንዳንዱ ወገን 8 ሰዎች በሦስት መስመር ተያይዘው ከተጋጣሚያቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ፤ ኳሷ በመካከላቸው ስትገባም ተገፋፍተው ይሻሙባታል። ስክረም የሚባለው ይህ ነው። በፊት መስመር የሚቆሙት ሦስት ናቸው። መካከል ላይ ያለው 2 ቁጥር ሁከር ይባላል፤ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ የሚስባት እርሱ ነው። በግራው 1 ቁጥር፣ በቀኙ 3 ቁጥር ለብሰው የሚደግፉት ሁለቱ ፕሮፖች ናቸው። 1 ቁጥሩ በግራ በኩል የሚጫነው ሰው የለም፤ 3 ቁጥሩ ግን ጭንቅላቱን በተጋጣሚው ሁከርና በተጋጣሚው 1 ቁጥር መካከል አስገብቶ ከሁለቱም የሚመጣውን ኃይል ይቀበላል። ስለዚህ ሁለቱ ቦታዎች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ በአንዱ የለመደ ሰው እንኳ ወደ ሌላው ሲዛወር አዲስ ይሆናል። ከኋላ መስመር መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባማ ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከሦስቱ ሁሉ ራሱን ለመከላከል አቅም የሚያንሰው ሁከሩ ነው። ሁለቱም ክንዶቹ በፕሮፖቹ ላይ የተያዙ በመሆናቸው ስክረሙ ሲደረመስ መሬቱን በእጁ መመከት አይችልም፤ ከኋላው ደግሞ አምስት ሰዎች እየገፉ ነው። የአንገት አከርካሪ በተፈጥሮው ወደ ኋላ ለስለስ ያለ ቅስት ስላለው ቀና ባለበት ጊዜ የሚደርስበትን ጫና ጡንቻና ጅማት ተካፍለው ያረግቡለታል። አገጭ ወደ ደረት ሲቀርብ ግን ቅስቱ ይጠፋና አጥንቶቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይደረደራሉ። በዚህ ሁኔታ ጭንቅላት በአንድ ነገር ተይዞ፣ የተጋጣሚ ትከሻም ይሁን መሬት፣ ሰውነት ወደ ፊት መገፋቱን ከቀጠለ፣ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በአጥንቶቹ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ በተለይም ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ባሉት የአንገት አጥንቶች መካከል። መጋጠሚያው ሲለቅ በውስጡ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ይጨፈለቃል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በውይይቱ ላይ አጥብቀው የተናገሩት ነገር በዚህ ቦታ መመዝገብ አለበት። ወፍራም አንገትና ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ነው የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑን አስረድተዋል። የሚጠብቀው ትከሻን ከዳሌ በታች አለማውረድ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ዓይንን ወደ ፊት መላክ፣ ተጋጣሚን በትክክለኛው ቦታ መያዝና ጫናው ሲዛነፍ ከባልንጀሮች ጋር አብሮ መስተካከል ነው። ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ በልምምድ የሚገኝ ነው እንጂ በጨዋታው መካከል ተነግሮት ሰው የሚይዘው አይደለም። አንዱ ፕሮፕ ሳይችል ሲቀር የሚጎዳውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ በኩል መስመሩ ሲዘነበል ክንዱ ታስሮ መካከል ላይ ያለው ሁከር ያለ ፈቃዱ ይጣመማል። የላንሃራንን ጉዳይ ለመረዳት ከዚህ በላይ የአካል ትምህርት አያስፈልግም።

በሜዳው ላይ የሆነው

ሜዳው በዝናብ የራሰና የሚያንሸራትት ስለነበር ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ አስቸጋሪ ሆኖ ጨዋታው በአመዛኙ የፊተኞቹ 8 ሰዎች ትግል ሆነ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጫወቱ በኋላ የላንሃራን 1 ቁጥር ፕሮፕ ትከሻው ወልቆ ወጣ። ከተቀያሪዎቹ መካከል በፊት መስመር የሠለጠነ ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ የተወሰነው ከዚህ ቀጥሎ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የወቅቱ የጨዋታ ሕግ ለእንዲህ ያለው ሁኔታ መልስ ነበረው። በፊት መስመር ያለ ተጫዋች ሲጎዳ የመሃል ዳኛው ለደኅንነት ሲባል ከቡድኑ አምበል ጋር ተመካክሮ ሌላ በአግባቡ የሠለጠነ ወይም ልምድ ያለው ተጫዋች መኖሩን እንዲያረጋግጥ፣ ከሌለም ጨዋታው ያለ ግፊያ በሚደረግ ስክረም እንዲቀጥል ያዛል። ያለ ግፊያ በሚደረግ ስክረም ሁለቱም ወገኖች ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ይያያዛሉ፤ ነገር ግን አይገፋፉም፣ ኳሷን የሚያስገባው ቡድንም ያለ ሽሚያ ይወስዳታል። ጨዋታው አይቋረጥም፤ የሚቀረው የጉልበት ፉክክሩ ብቻ ነው።

የመሃል ዳኛው ወደ ላንሃራን ተጫዋቾች ቀርቦ ሁለት አማራጭ መኖሩን ነገራቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን ወደ ፊት መስመር ማምጣት ወይም ያለ ግፊያ መቀጠል። ሁለተኛውን ከመረጡ ግን ቢያሸንፉም የውድድር ነጥብ እንደማያገኙ አከለ። ከሦስተኛው መስመር በክንፍ በኩል የሚጫወት አንድ የቡድኑ አባል እኔ ልሞክር አለ። በወጣትነቱ ጥቂት ጊዜ በፕሮፕነት ተሰልፎ ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ደረጃ ግን የሠለጠነ አልነበረም። የመሃል ዳኛው ስለ ልምዱ አልጠየቀውም፤ በዚያ ቦታ ለመሰለፍ ብቁ ነው ወይ የሚለውንም ራሱ መርምሮ አልወሰነም። ቡድኑ መረጠ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ቡድኖች የፊት መስመሮች ሲገጥሙ ደጋግሞ ችግር ታየ። ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ቶንዱዎች በላንሃራን ግብ መስመር አቅራቢያ ሆነው ያጠቁ ስለነበር ስክረም በስክረም ላይ ተደራረበ። በመጨረሻው ላይ ሁለቱ የፊት መስመሮች በትክክል ሳይገጣጠሙ ቀሩ፤ ሁከሩም በዚያው ቅጽበት ተጎዳ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው አለመኖሩን ልብ ማለት ይገባል። አምበሉ ቡድኑ ነጥብ እንዳያጣ አሰበ። ፈቃደኛው ተጫዋች ባልንጀሮቹን ለመታደግ ተነሣ። የመሃል ዳኛውም ተጫዋቾቹን አክብሮ ምርጫውን ለእነርሱ ተወላቸው። በእኔ ግምት የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ውሳኔው በሜዳው ላይ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ለመመዘን ከሚከብዳቸው ሰዎች እጅ ወደቀ። ነጥብ የሚያጣው ቡድን ስለ ነጥቡ ሳያስብ ስለ አንገት ብቻ ሊያስብ አይችልም። እኔ አለሁ ብሎ የተነሣ ሰውም ጥቂት ቆይቶ አልችልም ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ይህ የዌልሶች ጠባይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ በሰፈራችን የእግር ኳስ ግጥሚያ በረኛ ሲጎዳ ጓንቱን ማን እንደሚያጠልቅና እንዴት እንደሚመረጥ ያስታውስ። ልዩነቱ ያልሠለጠነ በረኛ የሚያስከፍለው ግብ ብቻ መሆኑ ነው።

ችሎቱ የመዘነው

ተጎጂው የመሃል ዳኛውንና ዳኛው የሚሠራለትን የዌልስ ራግቢ ዩኒየንን ከሰሰ። በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመሃል ዳኛው የጨዋታውን ሕግ ባለመፈጸሙ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታውን ተላልፏል፣ ለጉዳቱም ምክንያት ሆኗል ሲል ፈረደ። ይግባኙ ሎርድ ፊሊፕስ በሰብሳቢነት ባሉበት ችሎት ታየ።

የይግባኝ ባዮቹ ክርክር በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛ፣ ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት የሚሠራ የመሃል ዳኛ ለአዋቂ ተጫዋቾች በሕግ የሚጠየቅበት ግዴታ ሊኖርበት አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ከተጫነ ዳኛ የሚሆን ሰው ይጠፋል፣ ስፖርቱም ይዳከማል የሚል ነው። ሦስተኛው የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው፤ የመጨረሻው ስክረም የተበላሸው በአዲሱ ፕሮፕ አለመሠልጠን ነው ወይስ በማንኛውም ስክረም ሊያጋጥም በሚችል አጋጣሚ?

ችሎቱ ለመጀመሪያው የሰጠው መልስ ከራግቢ ባሕርይ የተነሣ ነው። ጨዋታው በራሱ አደገኛ ነው፤ ከሕጎቹ አንዳንዶቹ የተጻፉት ይህን አደጋ ለመቀነስ ነው፤ ተጫዋቹም ደኅንነቱ የተመሠረተው እነዚህ ሕጎች በመከበራቸው ላይ ነው፤ የማስከበሩ ሥራ ደግሞ የመሃል ዳኛው ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ የጨዋታውን አደጋ ፈቅዶ ገብቷል ማለት ሕጉ ሳይከበር ሲቀር የሚመጣውንም አደጋ ተቀብሏል ማለት አይደለም። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣቶች ግጥሚያ አንድ ሁከር በተደረመሰ ስክረም ተጎድቶ፣ ደጋግሞ ሲደረመስ የነበረውን ስክረም አልተቆጣጠረም የተባለው የመሃል ዳኛ በ1996 በይግባኝ ጭምር ኃላፊ ተብሎ ነበር። የላንሃራን ፍርድ የጨመረው ያው ግዴታ ለአዋቂዎችም እንደሚሠራ ማረጋገጡ ነው።

ዳኛ ይጠፋል ለሚለው ስጋት የተሰጠው መልስ ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። ችሎቱ ለጥፋተኝነት የሚያስፈልገውን መስፈርት ዝቅ አላደረገም። በሩጫ መካከል፣ በቅጽበት፣ ብዙ ሰው በተደራረበበት ሁኔታ የሚያመልጥ ነገር ለኃላፊነት በቀላሉ አያበቃም። ይህኛው ውሳኔ ግን የተሰጠው ጨዋታው ቆሞ፣ የተጎዳው ሰው ከሜዳ እየወጣ ሳለ ነው፤ ረጋ ብሎ ለማሰብና ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ ነበረ። በሌላ አነጋገር ዳኛው የተጠየቀው ባላየው ነገር ሳይሆን ራሱ ሊወስነው የሚገባውን ለሌላ በመተዉ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ መስመር ለዳኞች ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያጽናናው ይበልጣል። መቼ ይቅርታ እንደሚደረግላቸውና መቼ እንደማይደረግላቸው በግልጽ ያሳያቸዋልና።

በምክንያትና ውጤት ረገድ ችሎቱ የሥር ፍርድ ቤቱን ግኝት አልነካም፤ የአዲሱ ፕሮፕ የስልት ጉድለት የፊት መስመሮቹ ሳይገጣጠሙ ለመቅረታቸው ምክንያት ሆኗል ተባለ። ይህ የጉዳዩ ደካማ ጎን ነው የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ አይገርመኝም። ተጫዋቹ በዚያ ቦታ ከሃምሳ ደቂቃ ገደማ ላላነሰ የሜዳ ጊዜ ቆይቷልና፤ በመጨረሻው ደቂቃ የሆነውን በመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ከተሰጠ ውሳኔ ጋር ማያያዝ ማስረጃን በጥንቃቄ መመዘን ይጠይቃል። ነገር ግን መካከል ላይ የታየው ተደጋጋሚ ችግር ሁለቱን የሚያገናኝ ነው፤ ውሳኔውን እንደገና ለማየትም ዕድል ሰጥቶ ነበር።

በእኛ ሕግ ቢታይ

የሕግ ተማሪዎቹ ውይይቱን ወደ 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወሰዱት። ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ የሚያዝ ጠቅላላ ድንጋጌ ነው። ቁጥር 2068 ደግሞ ስለ ስፖርት የተጻፈ ነው፤ በስፖርት እንቅስቃሴ ላይ ሳለ አብሮት በሚጫወት ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ተንኮል ካልፈጸመ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ በቀር ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። አንደኛው ተማሪ ይህን ካነበበ በኋላ ጃንሜዳ ላይ ይህ ነገር ከሕጉ በፊትም ይታወቅ ነበር፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም ወይ ሲል ብዙዎች ሳቁ። አባባሉ ከድንጋጌው ጋር በእርግጥ ይቀራረባል፤ በጨዋታ መካከል የተሰነዘረ የገና ዱላ ቂም አያስይዝም፣ ባለማዕረጉም ቢሆን ይችለዋል።

ነገር ግን 2068 የመሃል ዳኛን ይሸፍናል ወይ? በእኔ አስተያየት ድንጋጌው በዓይኑ ፊት ያደረገው ተጫዋችን ነው፤ በፉክክሩ ውስጥ እርስ በርስ የሚነካኩትን ሰዎች። የመሃል ዳኛ ማንንም አይገፋም፣ በማንም ላይ አይወድቅም። የእርሱ ነገር ይበልጥ የሚስማማው ከቁጥር 2031 ጋር ነው፤ ይህ ቁጥር አንድን ሙያ ወይም የተለየ ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፣ ግዴታውን አለማወቁን በግልጽ በሚያሳይ ቸልተኝነት የሥራውን የታወቁ ደንቦች ከጣሰም ኃላፊ ያደርገዋል። 2068 ይሠራል ብንል እንኳ ያልሠለጠነ ሰው በፊት መስመር እንዲሰለፍ መፍቀድ የደንብ ከባድ ጥሰት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ለአካል ደኅንነት ሲባል ብቻ የተጻፈን ደንብ መጣስ ምንጊዜም ከባድ ነው ብላ ተከራከረች፤ ክርክሯ አሳማኝ ነው። በማንኛውም መንገድ ቢሄዱ ከላንሃራን ውጤት ብዙ የሚርቅ መልስ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው

የስክረም ሕግ ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ሁለቱ መስመሮች ከርቀት ተወርውረው የሚጋጩበት አገባብ እየቀረ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጎንበስ ማለት፣ ተጋጣሚን መያዝ፣ ከዚያም መግጠም በሚሉ ሦስት ትእዛዞች ይከናወናል። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ጥናት ይህ ቅደም ተከተል በመጋጠሙ ቅጽበት የሚፈጠረውን ኃይል እስከ አንድ አራተኛ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ19 ዓመት በታች ባሉት ጨዋታ ደግሞ ግፊያው ከ1.5 ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው አሠልጣኞችንና የመሃል ዳኞችን በግዴታ የሚያስተምር መርሐ ግብር እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ሲገመገም፣ በቀድሞው መጠን ቢሆን ኖሮ በስክረም 9 ከባድ የአከርካሪ ጉዳቶች ይደርሱ ነበር ተብሎ ሲገመት የደረሰው 1 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አኃዝ ከሁሉም በላይ ልብ ይነካል፤ በመሣሪያ ወይም በሐኪም ብዛት ሳይሆን በማስተማር የተገኘ ነውና።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ለውጥ ግን ስለ ሰው ቁጥር የሚደነግገው ነው። አሁን ባለው ሕግ 15 ወይም ከዚያ በታች ተጫዋቾች ያስመዘገበ ቡድን 3፣ ከ16 እስከ 18 ያስመዘገበ 4፣ ከ19 እስከ 22 ያስመዘገበ 5፣ 23 ያስመዘገበ 6 በፊት መስመር የሠለጠኑ ሰዎች ሊኖሩት ይገባል። ሰዎቹ ሠልጥነው መምጣታቸውን የማረጋገጥ ኃላፊነት የቡድኑ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ሲጎድል ያለ ግፊያ እንዲቀጥል የሚያዘው ግን የመሃል ዳኛው ነው። ሥራው በዚህ መልክ መከፈሉ ትክክል ይመስለኛል፤ ማን እንደሠለጠነ የሚያውቀው ቡድኑ ነው፣ እውቀቱን ሳያዛባ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን ማሸነፍና መሸነፍ የማይነካው ሰው ነው።

ጃንሜዳ

በውይይቱ ሁለተኛ አጋማሽ ክብደት በማንሣት ልምምድ የሚታወቅ አንድ ወጣት እጁን አነሣና በእግር ኳስ ዳኝነት ለቆዩት መምህር እንዲህ ሲል ጥያቄ አቀረበ። «ጋሼ፣ እኔ ራሴ አንገቴን አምኜ እገባለሁ ካልኩ ማን ነው የሚከለክለኝ?» መምህሩ ሳይቆጡ መለሱለት። «አንተ አንገትህን አምነህ ትገባለህ ልጄ፤ አጠገብህ የምትይዘው የሁከሩ አንገት ግን ያንተ አይደለም።» ወጣቱ ነገሩን ወዲያው አልተቀበለም፤ ሁከሩም ከፈቀደስ ብሎ መልሶ ጠየቀ። መምህሩም ሁከሩ የሚፈቅደው የአጠገቡ ሰው ሠልጥኗል ብሎ ስላመነ ነው፣ ካልሠለጠነ ደግሞ የፈቀደው ሌላ ነገር ነው አሉት። ከላይ የተጠቀሰው የይግባኝ ፍርድ ቤት በብዙ ገጽ የጻፈውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩት ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ስምምነት የተደረሰባቸው ነገሮች ብዙ ክርክር አላስነሡም። ቡድኖቹ በፊት መስመር የሚሰለፉ ሰዎች እስኪኖሯቸው ድረስ፣ ሰዎቹም ከአንድ ለአንድ ልምምድ ተነሥተው ወደ ሦስት ለሦስት፣ ከዚያም ወደ ሙሉ 8 ሰው እስኪሸጋገሩ ድረስ፣ በጃንሜዳ የሚደረጉት ግጥሚያዎች ሁሉ ያለ ግፊያ በሚደረግ ስክረም ይከናወናሉ። ወደ ግፊያ ሲገባም እያንዳንዱ አምበል ከጨዋታው በፊት 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ሆነው መሰለፍ የሚችሉትን ሰዎች ስም በየቦታቸው ለይቶ ጽፎ ለመሃል ዳኛው ይሰጣል። በዚያ ወረቀት ላይ ስሙ የሌለ ሰው በጨዋታው መካከል በፈቃደኝነት አይገባም፤ የመሃል ዳኛውም አማራጭ አያቀርብም፣ ያዛል። ስሙ ያለ ሰው ቢሆንም እንኳ ስክረሙ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተበላሸ የመሃል ዳኛው ግፊያውን ማስቆም ይችላል፤ ይህ የመጨረሻው በዓለም አቀፉ ሕግ በዚህ ቁጥር የተጻፈ ሳይሆን ስብሰባው ለራሱ ያወጣው ነው።

ሜዳውም ታይቷል። ላንሃራን ላይ እግር የሚያስቆም መሬት አልነበረም። የጃንሜዳ መሬት በበጋ ደረቅና ጠንካራ ነው፣ በክረምት ይጨቀያል። ደረቁ መሬት ለእግር ይመቻል፣ ለሚወድቅ ሰው ግን ይከፋል፤ ጭቃው ደግሞ መስመሩን ያንሸራትታል። ስለዚህ በክረምት ወራት ግፊያ እንደማይደረግ ተወስኗል።

አደጋ ከደረሰ ምን ይደረጋል የሚለውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በተግባር አሳይተዋል። በመጀመሪያ የመሃል ዳኛው ሲነፋ ሁሉም መግፋቱን ወዲያው ያቆማል፤ ተደራርበው የወደቁት ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ማንም የተጎዳውን አይጎትትም። አንገቴን ያለ፣ እጁን ወይም እግሩን አልሰማ ያለው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ባለበት ይቆያል፤ አንድ ሰው በጭንቅላቱ በኩል ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ከሰውነቱ ጋር በአንድ መስመር ይይዛል፣ የሠለጠነ የአምቡላንስ ባለሙያ እስኪረከበውም አይለቅም። አተነፋፈሱ ይጠበቃል። በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው ወደ 907፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውላል፣ ሦስተኛው አምቡላንሱን ከመግቢያው በር ይጠብቃል። ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው ብሎ በታክሲ ለመውሰድ መሞከር እንደማይገባ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ በጣም አስፈላጊ ነው፤ በከተማችን የወደቀን ሰው በዕቅፍ አፍሶ ወደ መኪና መክተት እንደ ደግነት ስለሚቆጠር፣ አታንሡት የሚል ሰው ጨካኝ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አታንሡት የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ከጨዋታው በፊት በስም ተወስኖ ለሁለቱም ቡድኖች እንዲነገር ተደርጓል።

ያልተቋጨው የነጥቡ ነገር ነው። ያለ ግፊያ ለመጫወት የተገደደ ቡድን ቢያሸንፍ ሙሉ ነጥብ ያግኝ የሚሉት ሰዎች ላንሃራንን ይጠቅሳሉ፤ ነጥብ የማጣት ፍርሃት ነው ያልሠለጠነውን ሰው ወደ ፊት መስመር የገፋው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ከሆነ በግፊያ ደካማ የሆነ ቡድን ፕሮፑ የታመመ እያስመሰለ የተጋጣሚውን ብርታት ከንቱ ያደርገዋል ብለው ይሰጋሉ፤ ዓለም አቀፉ ሕግም ለዚህ ስጋት ሲል፣ 23 ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት ወይም የውድድሩ አዘጋጅ በወሰነበት ጨዋታ፣ በመውጣቱ ምክንያት ግፊያው የቀረበት ተጫዋች እንዳይተካ አድርጓል። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ፤ ማታለልን የሚቀጣ ደንብ ያስፈልጋል ብንል እንኳ ቅጣቱ በሜዳው ላይ በዚያች ደቂቃ በአምበሉ ጆሮ የሚነገር መሆን የለበትም፣ ከጨዋታው በኋላ በአዘጋጆቹ ዘንድ ተመርምሮ ሊወሰን ይችላል። በስብሰባው ላይ ድምፁ እኩል ስለተከፈለ፣ የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች ያለ ነጥብ እንዲካሄዱና ጥያቄው ወደ ግፊያ ከመገባቱ በፊት እንደገና እንዲቀርብ ተብሎ በቃለ ጉባኤው ተይዟል።